የወፈረ ሰው ሁሉ ሆዳም ነውን?

ዛሬ አብረን እንድናስብበት የምፈልገው ጉዳይ ብዙውን ጊዜ በቀልድ የምናልፈው፣ በብዙ ትዳር ውስጥ ግን በቀልድ የማያልፍ ጉዳይ ነው። እርሱም ውፍረት ነው።

በእናቶቻችን ዘመን «ወፈርሽ!» ማለት ምርቃት ነበር። ሰው ከከረመበት አገር ሲመለስ ጉንጩ ሞልቶ ከታየ «ተመችቶሃል» ይባልና ቤተ ሰቡ ደስ ይለው ነበር። ዛሬ በከተማው ይኸው ቃል ተገልብጦ ስድብ ሆኗል። እኛ አማኞች ደግሞ ሦስተኛ ትርጉም ጨመርንበት፤ ራስን አለመግዛት አልነው። ከመድረክ ላይ ስለ ራስ መግዛት ሲሰበክ አንዳንዱ ዓይን ወደ የትኛዋ እህት ዘወር እንደሚል ታውቃላችሁ። ቀጭኑ ወንድም በኅብረቱ ግብዣ ላይ ሦስተኛ ሳህኑን ሲሞላ ግን «እርሱማ የማይወፍር ነው፣ ታድሎ!» ተብሎ ይሳቅለታል።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የተማርኩት መጽሐፍ ቅዱስ ነው። ነገር ግን ከባለቤቴ ጋር ሆነን ባለ ትዳሮችን ስናማክር ይህ ነገር በሌላ ስም እየመጣ አስቸገረን። «አትሰማኝም»፣ «አያከብረኝም» ተብሎ ይጀመርና ወደ ውስጥ ሲገባ የሚገኘው «ራስሽን ጣልሽ» የሚል ቃል ነው። ስለዚህ ሳይንሱ ምን እንደሚል ማንበብ ግድ ሆነብኝ፤ ያገኘሁትንም በቀላል ቋንቋ ላካፍላችሁ።

አስቀድሜ ግን ስለ ቃሉ አንድ ነገር ልበል። መጽሐፍ ቅዱስ ሆዳምነትን እንደሚነቅፍ አልክድም፤ ምሳሌ 23ን ማንበብ ይበቃል። የሚነቅፈው ግን ሥራን ነው እንጂ ኪሎን አይደለም። በመሳፍንት 3 የሞዓብ ንጉሥ የዔግሎም ውፍረት የተጠቀሰው ለታሪኩ ስለሚያስፈልግ ነው እንጂ ኃጢአቱ ተብሎ አይደለም። ካህኑ ዔሊም ከባድ ሰው እንደ ነበረ ተጽፏል፤ በእርሱና በልጆቹ ላይ የመጣው ወቀሳ ግን የእግዚአብሔርን መሥዋዕት ስለ መናቅ ነበር። ጌታችንን ራሱን እንኳ በመብልና በመጠጥ ከሰውታል። ከሳሾቹ ያዩት ከእነማን ጋር ለማዕድ እንደሚቀመጥ እንጂ ስንት እንደ በላ አልነበረም።

አንዲት ፊደል

በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለሁ ከወደድኳቸው ትምህርቶች አንዱ ስለ ጥንታዊ የብራና ቅጂዎች የተማርነው ነው። ጸሐፊው በእጁ ሲገለብጥ አንዲት ፊደል ትለወጣለች። ቀጥሎ የሚመጣውም ያንኑ ይገለብጣል፤ እንዲህ እያለ ልዩነቱ ከቅጂ ወደ ቅጂ ይሄዳል። ከእነዚህ ልዩነቶች አብዛኞቹ ትርጉም አይለውጡም። ጥቂቶቹ ግን ዓረፍተ ነገሩን ትንሽ ዘንበል ያደርጉታል። ስለ ጂን ሳነብ ወዲያው ትዝ ያለኝ ይህ ትምህርት ነው።

በእያንዳንዱ የሰውነታችን ሕዋስ ውስጥ ዲኤንኤ የሚባል ረጅም ጽሑፍ አለ ማለት ይቻላል። ርዝመቱ ሦስት ቢሊዮን ፊደል ያህል ነው፤ የፊደሎቹ ዓይነት ግን አራት ብቻ ነው። አንዱን ቅጂ ከአባታችን፣ ሌላውን ከእናታችን እንወርሳለን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ሰውነት ምን ምን መሥራት እንዳለበት የሚያዝዙ ወደ 20 ሺህ የሚጠጉ ክፍሎች አሉ፤ ጂን የሚባሉት እነዚህ ናቸው። የሁለት ሰዎች ጽሑፍ ጎን ለጎን ቢነበብ ከሺህ ፊደል አንዱ ገደማ ይለያያል። አብዛኛው ልዩነት ምንም አያደርግም። ጥቂቱ የዓይን ቀለምን፣ ቁመትን፣ አንዳንዱም በሽታን ይነካል።

እ.ኤ.አ. በ2007 በእንግሊዝ ተመራማሪዎች የተመራ ቡድን ወደ 39 ሺህ በሚጠጉ ሰዎች ላይ ያደረገውን ጥናት አወጣ። ኤፍቲኦ በሚባለው ጂን ውስጥ አንዲት ፊደል ከሰው ሰው ትለያያለች። ይህችን የተለየች ፊደል ከአባትም ከእናትም የወረሱ ሰዎች፣ ምንም ካልወረሱት ይልቅ በአማካይ 3 ኪሎ ያህል ይከብዳሉ። ከልክ ያለፈ ውፍረት የመያዝ ዕድላቸውም አንድ ተኩል እጥፍ ከምናምን ነው። ጥናቱ የተደረገባቸው ሰዎች የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ነበሩ፤ ከእነርሱ መካከል ከመቶው 16 ያህሉ ፊደሏን ከሁለቱም ወላጅ የወረሱ ሆነው ተገኙ። ብርቅ ነገር አይደለም ማለት ነው።

ፊደሏ ምን ትሠራለች? እ.ኤ.አ. በ2013 ለንደን ውስጥ የተደረገ ጥናት አንድ መልስ ሰጠ። ሆድ ባዶ ሲሆን ግሬሊን የሚባል ሆርሞን በደም ውስጥ ከፍ ብሎ «ብላ» ይላል፤ ከተበላ በኋላ ደግሞ ይወርዳል። ፊደሏን ከሁለቱም ወገን በወረሱት ሰዎች ላይ ግን ከምግብ በኋላ እንደ ሌላው አይወርድም። እስቲ አንድ ትሪ ከብበው እኩል የበሉ ሁለት ወንድማማቾችን አስቡ። አንዱ እጁን ለመታጠብ ሲነሣ ጠግቧል። ሌላው እጁን ይታጠባል እንጂ ውስጡ ገና «ብላ» እያለው ነው። ቀጭኑ ያቆመው ራሱን ስለ ገዛ አይደለም፤ ስለ ጠገበ ነው። ራሱን መግዛት የሚጠበቅበት ያኛው ነው፤ ያውም በቀን ሦስት ጊዜ፣ ዕድሜ ልኩን።

«ሦስት ኪሎ ምን አላት?» ትሉ ይሆናል። ትክክል ናችሁ፣ ብቻዋን ብዙም የላትም። ነገሩ ፊደሏ አንድ ብቻ አለመሆኗ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ወደ 700 ሺህ በሚጠጉ ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ከክብደት ጋር የሚያያዙ 941 የፊደል ልዩነቶችን ቆጠረ። እያንዳንዷ ልዩነት ክብደትን በጥቂቱ ወይ ትጨምራለች ወይ ትቀንሳለች። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የአሜሪካ ተመራማሪዎች እነዚህንና ሌሎችን ብዙ ልዩነቶች አንድ ላይ ደምረው ለእያንዳንዱ ሰው ነጥብ ሰጡ። ከአሥር ሰው ከፍተኛውን ነጥብ የያዘው አንዱና ዝቅተኛውን የያዘው አንዱ፣ አዋቂ ሲሆኑ በአማካይ 13 ኪሎ ተለያዩ። የሚገርመው ሲወለዱ በመካከላቸው የነበረው ልዩነት 60 ግራም ገደማ መሆኑ ነው። የትኛዋም አዋላጅ አታስተውለውም። ልዩነቱ የሚሰፋው በልጅነትና በወጣትነት ዓመታት ነው፤ ይህን ወላጆች ልብ በሉልኝ፣ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። ደግሞም ከፍተኛው ነጥብ ኖሯቸው ክብደታቸው ልከኛ የሆነ ሰዎችም በጥናቱ ውስጥ ነበሩ።

«ታዲያ ልጅ ወላጁን የሚመስለው አብሮ ስለሚበላ ነው እንጂ!» የሚል ይኖራል። ይህን ጥያቄ ዴንማርኮች በጥሩ መንገድ መለሱት። እ.ኤ.አ. በ1986 በወጣ ጥናት በማደጎ ያደጉ 540 አዋቂዎች ክብደት ከወለዷቸውና ካሳደጓቸው ወላጆች ክብደት ጋር ተነጻጸረ። ልጆቹ የመሰሉት የወለዷቸውን ነበር፤ ከአሳዳጊዎቻቸው ክብደት ጋር ዝምድና አልተገኘም። ሌሎች የመንትዮች ጥናቶችም ወደዚሁ ያመለክታሉ።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ግን የአንዲት ሕፃን ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በኒው ዮርክ የሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ጄፍሪ ፍሪድማን ሌፕቲን የሚባለውን ሆርሞን አገኙ። ሌፕቲን ከስብ ሕዋሳት ወጥቶ ለአእምሮ «ስንቅ አለን፣ ይበቃል» የሚል መልእክት የሚያደርስ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ በካምብሪጅ ዶክተር ሳዳፍ ፋሩቂና ፕሮፌሰር ስቲቨን ኦራሂሊ የሚገኙበት ቡድን የሁለት የአጎት ልጆችን ጉዳይ ይፋ አደረገ። አንዷ የ8 ዓመት ልጅ ስትሆን ክብደቷ 86 ኪሎ ነበር። ሁለተኛው የ2 ዓመት ሕፃን 29 ኪሎ ይመዝን ነበር። ሁለቱም በሌፕቲን ጂናቸው ላይ በደረሰ ጉድለት ምክንያት ሆርሞኑ ከሰውነታቸው ጠፍቶ ነበር። ስለዚህ አእምሯቸው ዘወትር የሚሰማው «ተርበሃል» የሚል ድምፅ ብቻ ነው። የጎደለው ሆርሞን በመርፌ ይሰጣት ጀመርና ልጅቷ በአንድ ዓመት ውስጥ 16 ኪሎ ያህል ቀነሰች። ምግብን የመፈለግ ብርታቷም ወደ ልጅ ልክ ወረደ።

ይህ ዓይነቱ ጉድለት በጣም ጥቂት ሰው ላይ የሚገኝ ነው፤ የእኛ የአብዛኞቻችን ውፍረት እንዲህ አይደለም። ነገር ግን አንድ ነገር አስተማረኝ። ለዚያች ልጅ ስለ ራስ መግዛት ሃያ ስብከት ቢሰበክላት ምን ይረባት ነበር?

ሁለት ወረቀት

ፈቅደውልኝ የምነግራችሁ ባልና ሚስት አሉ፤ ስማቸውን ግን አልጽፍም። እርሷ በመዘምራን ታገለግል ነበር። ከሁለተኛ ልጇ በኋላ ክብደቷ አልወርድ አለ። በመጀመሪያ የአራስነቱ ገንፎና አጥሚት ነው ተባለ፤ ዓመት ሁለት ዓመት አለፈና ገንፎው ምክንያት መሆኑ ቀረ። የመዘምራን ልብሷ ሲጠብባት ሌላ ከማሰፋት መቅረትን መረጠች። ባሏ እንደ ሸምበቆ የቀጠነ ሰው ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ አይሳደብም፣ እጁንም አያነሣም። ማዕድ ላይ እጇ ወደ እንጀራው ሲሄድ ግን ዝም ብሎ ያያታል። በልጆቹ ፊት።

እርሷ ለእኔ ብቻ የነገረችኝ ይህ ነው፦ «እትዬ፣ እሱ ፊት አልበላም። ሁሉም ከተኛ በኋላ ማድ ቤት ቆሜ ነው የምበላው።» እህቴ ሆይ፣ ይህን የምታነቢው አንቺም ማታ ማድ ቤት የምትቆሚ ከሆነ፣ ብቻሽን እንዳልሆንሽ እወቂ። ሰው ተደብቆ ሲበላ በችኮላ ነው የሚበላው፤ ሳይጠግብ፣ ሳያጣጥም። ያየኋቸው እንዲህ ያሉ ሴቶች በዚህ መንገድ ሲቀንሱ አላየሁም።

ባለቤቴ ሁለቱን አስቀምጦ ስለ ጾም ወይም ስለ ፍቅር ይጀምራል ብዬ ስጠብቅ ስለ ዘመዶቻቸው ጠየቀ። የእርሷ እናትና ሁለት አክስቶቿ ሁሉም ወፍራሞች ናቸው፤ ሁለቱ ስኳር አለባቸው። ባልየው ሲጠየቅ «በእኛ ቤት ወፍራም የለም፤ ጤነኞች ነን» አለ። «አባትህስ በምን አረፉ?» «እግራቸው ቆስሎ፣ አልድን ብሎ... ምች ነው ተብሏል።» ሽንት ያበዙ ነበር? አዎ። ውኃ ይጠማቸው ነበር? እጅግ። ቀጭን ነበሩ? እንደ እኔ።

ሁለታችሁም ተመርመሩ አልናቸው። «እኔ ምን ሆኜ?» ብሎ ነበር፤ እርሷን ለማጀብ ሄደ። ሳይበሉ በጠዋት በተወሰደው ደም የእርሷ ስኳር 108 ሆነ፤ ከፍ ያለ ነው፣ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ነው፣ በሽታ ግን አልተባለም። የእርሱ 171 ሆነ። ሐኪሙ በሌላ ቀን ደገመው፤ ያው ነው። ሳይበሉ የተለካ ስኳር 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ከተደገመ የስኳር ሕመም ይባላል። ወረቀቶቹን ይዘው ቤታችን ሲመጡ «አየህ?» አላለችውም። እኔ ብሆን ሳልል የምቀር አይመስለኝም።

እንዴት ነው ወፍራሟ ተርፋ ቀጭኑ የተገኘበት? ይህም ከፊደሎቹ ጋር የሚያያዝ ነገር አለው። እ.ኤ.አ. በ2006 በአይስላንድ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ቲሲኤፍ7ኤል2 በሚባል ጂን ላይ ያለ ልዩነት ለሁለተኛው ዓይነት ስኳር ሕመም እንደሚያጋልጥ አሳዩ። ከሁለቱም ወላጅ የወረሰው ሰው የመታመም ዕድሉ ካልወረሰው ሁለት እጥፍ ገደማ ነው። ይህ ልዩነት ሰውን አያወፍርም፤ የሚያደክመው ኢንሱሊን የሚያመነጨውን ቆሽት ነው። ያ ወንድም ይህ ልዩነት አለበት ማለቴ አይደለም፤ አልተመረመረም። የምለው ለውፍረት የሚያጋልጡት ፊደሎችና ለስኳር የሚያጋልጡት ፊደሎች ሁልጊዜ አብረው እንደማይሄዱ ነው። በአገራችን በጎንደርና በጅማ አካባቢ የሚሠሩ ሐኪሞች በጣም ቀጫጭን የሆኑ የስኳር ሕመምተኞችን በብዛት እንደሚያዩ ከጻፉ ቆይተዋል። ቀጭን ነኝ ብላችሁ የተቀመጣችሁ ወንድሞች ይህን ስሙ።

አሁን እርሱ በየቀኑ ኪኒን ይወስዳል፤ ስኳሩም ወርዷል። እርሷ በአንድ ዓመት ውስጥ አምስት ኪሎ ቀነሰች፤ ከዚያ ወዲያ ሚዛኑ አልነቃነቅ አላት። ወደ መዘምራን ተመልሳለች፤ በልኳ አዲስ ልብስ አሰፍታ።

ታዲያ ዕጣ ነው ወይ?

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ እፎይ ብሎ «እንግዲያው ዘሬ ነው፣ ምን ላድርግ!» ይላል። ቆይ ወንድሜ። ፊደሉ ታሪኩን ብቻውን አይጨርሰውም።

ፒማ የሚባሉ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አሉ፤ ከፊሉ በአሪዞና፣ ከፊሉ ከድንበሩ ባሻገር በሜክሲኮ ተራሮች ይኖራሉ። በዘር አንድ ናቸው። የሜክሲኮዎቹ መሬታቸውን በጉልበት እያረሱ በቆሎና ባቄላ ይበላሉ። የአሪዞናዎቹ በአሜሪካ ምግብና ኑሮ ውስጥ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ጥናት የስኳር ሕመምን ቢቆጥር በሜክሲኮዎቹ ከመቶ 7 ያህል፣ በአሪዞናዎቹ ከመቶ 38 ሆኖ ተገኘ። ፊደሉ ያው ነው፤ ማዕዱና ድካሙ ነው የተለየው።

ከእኛም ወገን ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1985 በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል የተወሰዱትን ቤተ እስራኤላውያን ታስታውሳላችሁ። በ1988 የወጣ የሕክምና ጥናት ከኢትዮጵያ በመጡ ወጣቶች ላይ የስኳር ሕመም በብዛት መታየቱን ገለጸ። በጥቂት ዓመት ውስጥ የሰው ጂን አይለወጥም። የተለወጠው ዳገት ወጥቶ ውኃ መቅዳቱ፣ እህል መውቃቱ፣ በጤፍና በሽሮ ማደሩ ነው። በዋሽንግተንና በዳላስ መኪና ውስጥ ውላችሁ የምታመሹ ወገኖቻችን ከዚህ የምትርቁ አይመስለኝም።

በጎ ወሬም አለ፤ እርሱም ከክርስቲያኖች መንደር የመጣ ነው። በአሜሪካ በፔንስልቬንያ ላንካስተር አሚሽ የሚባሉ አማኞች መኪና ሳይነዱ፣ በፈረስ እያረሱ የሚኖሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2008 ከእነርሱ 704 ሰዎች ላይ የኤፍቲኦ ፊደል ተመረመረ፤ በቀን ስንት እንደሚንቀሳቀሱም በመሣሪያ ተለካ። ብዙ በማይንቀሳቀሱት ላይ ፊደሏ እንደ ሌላው አገር ክብደት ጨመረች። ብዙ በሚንቀሳቀሱት ላይ ግን ፊደሏ እያለች ውጤቷ አልታይ አለ። መንቀሳቀስ ስል ስፖርት ቤት መግባት ማለቴ አይደለም፤ ፈጠን ብሎ መራመድ፣ ቤት ማጽዳት፣ አትክልት መኮትኮት፣ ያም በቀን ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ነው። ይህን ያህል ለከተማ ሰው ከባድ ነው። ሆኖም በ2011 ከ200 ሺህ የሚበልጡ ሰዎችን ያካተተ ጥናት ተራ እንቅስቃሴም ቢሆን የዚህችን ፊደል ጫና ከሩብ በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል።

መድኃኒትም አለ። ከሌፕቲን ጋር በሚሠሩ አንዳንድ ጂኖች ላይ ጉድለት ላለባቸው ጥቂት ሰዎች ሴትሜላኖታይድ የተባለ መርፌ እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ ተፈቅዷል። ሰሞኑን ሁሉ ስለሚያወራላቸው ሌሎች የክብደት መርፌዎች ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩ እንጂ ከጎረቤት ተቀብላችሁ አትወጉ፤ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

በየቤታችን

ባልና ሚስት አንድ ሥጋ ናቸው፤ ጂናቸው ግን አንድ አይደለም። ድስቱ አንድ ነው፣ ፊደሉ ሁለት ነው። ስለዚህ አንድ ወጥ እየበላችሁ አንዳችሁ ወፍራችሁ አንዳችሁ ብትቀጥኑ እግዚአብሔር ለአንዱ አዳልቶ አይደለም። ልጆቻችሁ ደግሞ ከሁለታችሁም ግማሽ ግማሽ ወስደዋል፤ የትኛውን ግማሽ እንደወሰዱ በፊታቸው መልክ አይታወቅም። ለዚህ ነው ለአንድ ሰው ብቻ «የውፍረት ምግብ» ለይቶ ማቅረብን የማልወደው። ለስላሳው ከቤት የሚወጣ ከሆነ ለሁሉም ይውጣ። የሻዩ ስኳር ከሦስት ማንኪያ ወደ አንድ ከወረደ የቀጭኑም ይውረድ። ከራት በኋላ የሚወጣ ከሆነ ሁለታችሁ ውጡ፤ በመንገድ ላይ የምትነጋገሩት ራሱ ለትዳራችሁ ይበጃል።

ስለ ጉርሻ ምን ልበል! ጉርሻን የሚያስቀር ምክር አልሰጥም፣ ፍቅራችን ነው። ግን ልጅ «ጠገብኩ» ሲል «ይቺን ለእናትህ፣ ይቺን ለአባትህ» እያልን አፉን የምንከፍትበትን ልማድ እንተወው። የተፈጥሮ ጥጋቡ ገና ያልተበላሸበት ልጅ ማቆሚያውን ራሱ ያውቃል። ያ 60 ግራም ወደ 13 ኪሎ የሚያድገው በእነዚህ ዓመታት መሆኑን አስታውሱ። ልጃችሁ ወፈር ካለም ስም አታውጡለት። «ድቡልቡሌ» የተባለች ልጅ ሠርጓ ላይም ያ ስም ይከተላታል።

ከውጭ አገር የምትጽፉልን ደግሞ ምራቅ በፖስታ ተልኮ ስለሚደረገው የጂን ምርመራ ጠይቃችሁናል። ክልከላ የለኝም፤ ነገር ግን እስካሁን የተደረጉት ጥናቶች አብዛኞቹ በአውሮፓ ዝርያ ሰዎች ላይ ስለሆኑ ለእኛ ሲተነብዩ በእጅጉ ይደክማሉ። «ጥቁር» ተብሎ መጠቃለልም አይሠራም። ለምሳሌ ኤፖኤል1 በሚባለው ጂን ላይ ለኩላሊት በሽታ የሚያጋልጡ ልዩነቶች በምዕራብ አፍሪካ ዝርያዎች ዘንድ ብዙ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ጥናት በተመረመሩት ኢትዮጵያውያን ላይ ግን አልተገኙም። ለጊዜው ከምራቁ ምርመራ ይልቅ የሚረዳችሁ ርካሹ ነገር ነው፤ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ የደም ግፊት መለኪያና በጠዋት የሚሰጥ አንድ ጠብታ ደም። ወገብ በሴት ከ80፣ በወንድ ከ94 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ቀጠሮ ያዙ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የቤተ ሰባችሁን ታሪክ እወቁ። በእኛ ዘንድ ከባዱ ይህ ነው። በሽታ ይደበቃል፤ «ምች ነው»፣ «የሰው ዓይን ነው»፣ «ድንገት ነው» ይባልና እውነቱ ከሟቹ ጋር ይቀበራል። ለበዓል ወላጆቻችሁ ጋ ስትሄዱ እማማን አጠገብ ቁጭ ብላችሁ ቀስ ብላችሁ ጠይቁ። አያቴ በስንት ዓመታቸው አረፉ? እግራቸው ቆስሎ ነበር? ዓይናቸው ደክሞ ነበር? ከእህቶችሽ ኪኒን የምትወስድ አለች? ባልም በራሱ ወገን ይጠይቅ። የሰማችሁትን ደብተር ገዝታችሁ በሁለት ገጽ ላይ ጻፉት፤ በአንዱ የአባት ወገን፣ በአንዱ የእናት ወገን። የእናንተንም የምርመራ ቁጥር ከነቀኑ ከሥሩ ጨምሩ። ልጆቻችሁ አድገው ሐኪም ፊት ሲቀመጡ መጀመሪያ የሚጠየቁት «በቤተ ሰባችሁ ማን ነበረበት?» የሚለውን ነው።